ፊትን ለነቃሽ ከመስጠት በፊት

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ከመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፥ ከዘመሮ ከተማ፥ አንዲት እናት የጻፉልኝ ደብዳቤ በእጄ ላይ ይገኛል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። ልጅቱም ለሠርጓ ቅንድቧን «ቋሚ ሜካፕ» በሚባለው አሠራር ለማሠራት ቈርጣ ተነሥታለች። ከከተማ የመጣች አንዲት ወጣት መሣሪያዋን በቦርሳ ይዛ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ይህንኑ ሥራ ትሠራለችና ሙሽራይቱ ቀን ቀጥራለች። የእናት ልብ ግን አልረጋም። «እኔም በልጅነቴ አንገቴንና ድዴን ተነቅሻለሁና ልጄን ለመከልከል አፍ የለኝም፤ ነገር ግን ደኅናዋን ነቃሽ ከክፉዋ የምለይበትን መንገድ ንገረኝ» ይላሉ።

ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ንግግሬ እርሱኑ ለመመለስ እሞክራለሁ። መነቀስ ይገባል ወይስ አይገባም ወደሚለው ክርክር አልገባም። ሰው በገዛ ፊቱ ላይ ሥልጣን አለው። እኔ የምናገረው ከቈረጡ በኋላ ፊትን ለማን መስጠት እንደሚገባ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። «ቋሚ ሜካፕ»፥ «ማይክሮብሌዲንግ»፥ «የከንፈር ቀለም» እየተባለ በውበት ቤቶች የሚሠራው ሥራ፥ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ፥ እናቶቻችን ንቅሳት ብለው ከሚያውቁት የተለየ አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ቆዳ በስለት ወይም በመርፌ ይወጋል፤ በተወጋው ስፍራ ቀለም ይገባል፤ ቍስሉ ሲድን ቀለሙ ውስጥ ይቀራል። የቀድሞዎቹ ነቃሾች እሾህ ወይም የታሰረ መርፌ፥ ቀለማቸውም ከምጣድና ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት ነበረ። የዛሬዎቹ ደግሞ በብዕር መሳይ እጀታ ላይ የተሰካ የረቀቀ ስለት ወይም በኤሌክትሪክ የሚመታ መርፌ ይይዛሉ። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሣሪያ እንኳ የትናንት አይደለም። በአሜሪካ አገር ሳሙኤል ኦሬይሊ የሚባል ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

የሥራው ዕድሜማ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ወሰን ላይ በበረዶ ውስጥ የተገኘው፥ ከ5000 ዓመታት በፊት የሞተው ሰው ሬሳ፥ ጥላሸት የገባባቸው 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቈጥረውበታል። በጥንታዊት ግብጽም ሆዳቸውንና ጭናቸውን የተነቀሱ ሴቶች ሬሳ ተገኝቷል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ክርስቲያኖች ከጉዟቸው መታሰቢያ ይሆናቸው ዘንድ በክንዳቸው ላይ መስቀል ሲነቀሱ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል። በእኛም አገር በሰሜኑ ክፍል፥ በሸዋም ደጋ ጭምር፥ በግንባር ላይ መስቀል፥ በአንገት ዙሪያ እንደ ሐብል የተደረደረ ንቅሳት፥ ጥርስን አንጽቶ የሚያሳይ የድድ ንቅሳት የሴት ልጅ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። አንገቷንና ድዷን ያልተነቀሰች ልጃገረድ በእኩዮቿ ፊት ጐደሎ መስላ የምትታይበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ የዘመሮዋ ሙሽራ የፈለገችው ነገር ከከተማ የመጣ ባዕድ ነገር ነው ብለን ልንገሥጻት አይገባም። አያቷም ታውቀዋለች።

በነገራችን ላይ፥ የአንገት ንቅሳት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም ይታመን ነበር። እንቅርት የሚመጣው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በምግብና በውሃ ውስጥ ሲያንስ ስለ ሆነ፥ ለዚህ መድኃኒቱ መርፌና ጥላሸት ሳይሆን አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። በኢትዮጵያም ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። የድድ ሕመምም እንዲሁ በንቅሳት አይድንም።

አሁን ወደ ቆዳው እንመለስ፤ ነቃሽን ለመምረጥ የሚያስፈልገው ዕውቀት ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን በየጊዜው እየተላጠ ይወድቃል፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ይታደሳል። ቀለም በዚህ በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ እንደ እንሶስላ ታጥቦ በጠፋ ነበር። የሚቈየው ከዚያ በታች ባለው፥ የደም ሥሮች በተዘረጉበት ሽፋን ውስጥ ሲገባ ነው። በዚያም ባዕድ ነገርን የሚበሉ የሰውነት ሕዋሳት ቀለሙን ውጠው ይይዙታል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካና ያንኑ ቀለም ይውጣል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፥ ደም ሳይነካ የሚሠራ ንቅሳት የለም። «የኔ ሥራ ደም አያወጣም፤ ላይ ላዩን ነው» የምትል ነቃሽ ብታገኙ ወይ ሥራዋን አታውቀውም፥ ወይ እያወቀች ትሸፍናለች። ሁለተኛው፥ ልክ ያጣ ጥልቀት ሥራውን ያበላሻል። ቢያንስ ቀለሙ አይይዝም፤ ቢበዛ ደግሞ ይሰራጫል፥ ጠባሳም ያተርፋል። በቅንድብ ላይ ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሚለካ ነውና እጅ ሊሠለጥን የሚገባው ለዚህ ነው።

የእናቶቻችን ንቅሳት ጥቁር ጥላሸት ገብቶበት ሳለ ለምን ሰማያዊና አረንጓዴ መስሎ ይታያል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥቁር ቀለም ከቆዳ በታች ሲሆን ብርሃን በቆዳው ውስጥ ተበትኖ ስለሚመለስ ዓይን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አድርጎ ያየዋል። ዛሬ ቅንድቧን በጥቁር ቀለም ጠልቆ የተሠራላት ሴትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅንድቧ ወደ ሰማያዊ ቢያደላ የሚያስደንቅ አይደለም። ቡናማው ቀለም ደግሞ በአብዛኛው ከብረት ዝገት ዓይነት ንጥረ ነገር የሚሠራ ሲሆን፥ አብረውት የተቀላቀሉት ቀለሞች ቀድመው ሲደበዝዙ ወደ ቀይ ወይም ወደ ብርቱካን ሊለወጥ ይችላል። «ቋሚ» ይባል እንጂ የፊት ቀለም በአንድ፥ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እየደበዘዘ የሚሄድ ነው፤ ነገር ግን ፈጽሞ ሳይጠፋ ርዝራዡ ለብዙ ዘመን ሊቈይ ይችላል። ይህንን አስቀድማ የምትናገር ነቃሽ ታማኝ ናት።

እንግዲህ ዋናው አደጋ የቱ ነው? የቀለም መበላሸት ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገረው ደም ነው።

በአገራችን ልዩ ልዩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው ወደ 7 የሚሆነው የጉበት ብግነት «ቢ» የሚባለውን በሽታ ቫይረስ ይዞ ይገኛል። ይህ በሽታ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ከሚላቸው አንዱ ነው። ሆኖም በሽታው የመጣው ከሌሊት ወፍ አይደለም፤ ከሰው ደምና ፈሳሽ ነው። ቫይረሱን የያዙት አብዛኞቹ ሰዎች መያዛቸውን አያውቁም፤ ደኅና መስለው ይሠራሉ፥ ያገባሉ፥ ይነቀሳሉ። ቫይረሱም በደረቀ የደም ጠብታ ውስጥ፥ በመርፌ ጫፍ ወይም በቀለም ዕቃ አፍ ላይ፥ ቢያንስ ለ7 ቀናት ኀይሉን ሳያጣ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ሰኞ በአንዲት ሴት ፊት ላይ የሠራ መርፌ ቅዳሜ በሌላይቱ ፊት ላይ በሽታን ሊዘራ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ሕመሙ ከ1 ወር እስከ 6 ወር ድረስ ሳይታይ መቈየቱ ነው። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ ስለ ሠርጓ ቅንድብ ማን ያስባል? ዓይኗ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባሕል ሐኪም ትወሰዳለች፤ መርፌው ግን እንደ ንጹሕ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። በሽታው ሥር የሰደደባቸው ሰዎች ጉበታቸው በጠባሳ ደርቆ ወይም ካንሰር ይዞት የሚሞቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ኤች አይ ቪና የጉበት ብግነት «ሲ» ም በዚሁ መንገድ ይሻገራሉ።

እዚህ ላይ ለሙሽሮች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት የጉበት ብግነት «ቢ»ን መከላከያ መያዝ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች፥ ዛሬ ለትዳር የደረሱት ማለት ነው፥ ይህን ክትባት በሕፃንነታቸው አላገኙም። ስለዚህ ከመነቀስ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር፥ ነጻ ሆኖ ከተገኙም በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት መውሰድ ከማናቸውም ቅንድብ የሚበልጥ ስጦታ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንዲሁ አይዘንጋ።

አሁን «መርፌዋን በፈላ ውሃ ትቀቅላለች» ወደሚለው ማመካኛ እመለሳለሁ። ይህ ለመንዝ ሰው በተለይ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ውሃ በባሕር ዳርቻ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ወደ 3000 ሜትር ከፍታ በሚጠጋው በመንዝ ደጋ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በ90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል፤ ከዚያም በላይ ቢነድዱበት ሙቀቱ አይጨምርም። ባቄላና አተር በደጋ ብዙ እንጨት የሚጨርሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ዘር ደግሞ በ100 ዲግሪ መፍላትን እንኳ ለብዙ ደቂቃ የሚቋቋም ነው። መርፌን በእሳት መለብለብ፥ በአልኮል መጥረግ፥ በአረቄ ማጠብ ከምንም ይሻላል ሊባል ይቻላል፤ ንጹሕ ሆነ ግን ሊባል አይችልም። መሣሪያ ከበሽታ ዘር ሁሉ ነጻ የሚሆነው «አውቶክሌቭ» በሚባለው፥ እንፋሎትን አምቆ በ121 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚያቈይ መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ነው። ይህ መሣሪያ በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ይገኛል፤ በነቃሽ ቦርሳ ውስጥ ግን አይገኝም። እንግዲህ ቤት ለቤት የምትዞር ነቃሽ ልትይዘው የሚገባት በፋብሪካ ታሽጎ የመጣ፥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን መርፌ ነው። ሌላ ምርጫ የላትም።

የመንዝ ሰው ባና ሲገዛ ክሩን በጣቱ ያሸዋል፥ በፀሐይ ይዘረጋዋል፥ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል። በቅሎ ሲገዛ ደግሞ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ሻጩም ይህን በማድረጉ አይቀየመውም። የገዛ ልጁን ፊት ሲሰጥ ግን «ማፈር ነው» ብሎ ዝም የሚለው ስለ ምንድን ነው? ጠይቁ። ደኅና ባለሙያ ስትጠየቅ ትደሰታለች።

የመጀመሪያው ነገር መርፌው የታሸገበትን ማየት ነው። ማሸጊያው በእናንተ ፊት ይቀደድ። የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበትን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ያስነብብ። ሥራው ካለቀም በኋላ መርፌው ዳግመኛ በማይከፈት ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ሲጣል ማየት ያስፈልጋል። ያለቀውን መርፌ ጠራርጋ ወደ ቦርሳዋ የምትመልስ ነቃሽ ብታዩ፥ ለእናንተ አዲስ ብትከፍት እንኳ፥ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ ነገ ለሌላ ሰው ልትሠራበት ነውና።

ሁለተኛ፥ ቀለሙን ተመልከቱ። ብዙ ሰው መርፌውን ብቻ ይጠብቅና ቀለሙን ይረሳል፤ እኔ በዚህ ላይ የማየው ቸልተኝነት ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። አዲስ መርፌ ደም ነክቶ ወደ ትልቁ የቀለም ጠርሙስ ቢመለስ፥ ጠርሙሱ ከዚያ ወዲያ የሚቀዳለትን ሰው ሁሉ የሚበክል ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ ከጠርሙሱ በትንሽ ኩባያ ተቀድቶ፥ የተረፈው ከኩባያው ጋር ይጣላል እንጂ አይመለስም። ጠርሙሱም የሠሪውን ስም፥ የምርቱን ቍጥር፥ የሚያበቃበትን ቀን የሚናገር ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ይህን ማለቴ ጽሑፍ ያለው ሁሉ ደኅና ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከቆዳ በታች እንዲወጋ ብሎ የፈቀደው አንድም ቀለም የለም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በአውሮፓ አቆጣጠር ከጥር ወር 2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ የሚገቡ በሺህ የሚቈጠሩ ኬሚካሎችን ከልክለዋል ወይም መጠናቸውን ወስነዋል። ሀብታሞቹ አገሮች እንዲህ ሲጠነቀቁ፥ እኛ ጽሑፉ የተፋቀ ጠርሙስ አይተን ዝም ልንል አይገባም። በተለይ ቀይ ቀለም ማሳከክና ማበጥ በማምጣት የታወቀ ነው።

ሦስተኛው እጅ ነው። እጇን በሳሙና ታጥባ አዲስ ጓንት ማድረግ አለባት። በሥራው መካከል ስልኳን ካነሣች፥ ፀጉሯን ካስተካከለች፥ ገንዘብ ከተቀበለች ያ ጓንት መለወጥ ይኖርበታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሠለጠነ ሰው ከሠለጠነ መሳይ የሚለየው በዚህ ነው። ምክንያቱም የጽዳት ትምህርት የወሰደ ሰው እጁ ሳያስብ ይሠራዋል፤ ያልወሰደ ሰው ደግሞ ለማስመሰል ቢሞክር እንኳ ስልኩ በጠራ ጊዜ ይረሳዋል። አስተውላችሁ ጠብቁ።

ስለ ምስክር ወረቀትም ብዙ ይጠየቃል። በግድግዳ ላይ በወርቅ ክፈፍ የተሰቀለ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ተምሮ፥ ወይም ከስልክ መስኮት ላይ አይቶ፥ በሰው ቆዳ ላይ ሳይሆን በጎማ ላይ ተለማምዶ የሚገኝ ወረቀት አለ። የንግድ ፈቃድም ግብር የሚከፈልበት እንጂ የእጅ ችሎታ የሚመሰክር አይደለም። ስለዚህ «ወረቀት አለሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ከማን ዘንድ ተማርሽ? ስንት ቀን? በአስተማሪሽ ፊት በስንት ሰው ላይ ሠራሽ? ስለ ደምና ስለ ጽዳት ምን አስተማሩሽ? በመንግሥት የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነሻል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ፈጣንና ግልጽ ከሆነ ደግ ነው። ቍጣ ከሆነም መልሱ ተገኘ።

ሥራዋንም ማየት ይገባል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በስልክ የምታሳየው ሥዕል ዘወትር ሥራው ባለቀበት ሰዓት የተነሣው ነው። በዚያ ሰዓት ቅንድብ ሁሉ ያምራል። ቍስሉ ደርቆ፥ ቅርፊቱ ወድቆ፥ አንድ ወር ከሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው እውነተኛው መልክ የሚታየው። ደኅና ባለሙያም ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውየዋን መልሳ ጠርታ ሥራዋን ትመረምራለች፥ የጐደለውንም ትሞላለች። ቤት ለቤት የምትዞረው ከስድስት ሳምንት በኋላ የት ትገኛለች? የዘመሮዋ እናት ለእንግዳይቱ ሊያቀርቡላት ከሚገባው ጥያቄ ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከተቻለም ከአንድ ዓመት በፊት የሠራችላትን ሴት በዓይን ማየት ነው፤ እርሷም በቆዳዋ ቀለም ሙሽራይቱን የምትመስል ትሁን። በነጭ ቆዳ ላይ ያማረ ቀለም በጠይም ፊት ላይ ሌላ ሆኖ ይወጣልና።

ከዚህ ሌላ፥ ሳትጠይቅ የምትሠራ ነቃሽ አደገኛ ናት። እርጉዝ ነሽ ወይ? ስኳር አለብሽ ወይ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ? ትንሽ ስትቈስዪ ጠባሳሽ እያበጠ የሚያድግ ነው ወይ? ብላ ልትጠይቅ ይገባታል። ኬሎይድ የሚባለው ይህ የሚያብጥ ጠባሳ በእኛ በጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹ ይልቅ የሚበዛ ሲሆን፥ ያለበት ሰው ፊቱን ባይነቀስ ይመረጣል። እርጉዝ ሴትም ልጇን እስክትገላገል ትቈይ። ቀለሙንም አስቀድማ በማይታይ ስፍራ ጥቂት ሞክራ፥ ጥቂት ቀናት ጠብቃ፥ ከዚያ ወደ ፊት የምትሄድ ባለሙያ ብልኅ ናት። የቅንድቡንም ቅርጽ በእርሳስ ስላ፥ መስተዋት ሰጥታ፥ «ይህን ትወጂዋለሽ?» ሳትል ስለት የምታነሣ ከሆነ እጇን ያዙት። «አይሆንም፤ ለአንቺ አልሠራልሽም» ብላ ገንዘብ የመለሰች ነቃሽ ብታገኙማ ስሟን ለጎረቤት ሁሉ ንገሩላት።

ለማደንዘዣ የሚቀባውን ቅባት በሚመለከት አጭር ቃል ልናገር። ሊዶኬይን የሚባለው መድኃኒት የበዛበት ቅባት በሰፊ ቆዳ ላይ ወይም በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ ልብንና አንጎልን ሊጐዳ ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2024 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ለንቅሳት ተብለው የሚሸጡ፥ ከመቶ 4 እጅ በላይ ሊዶኬይን ያለባቸው ቅባቶች አደገኛ መሆናቸውን አስታውቋል። ስሙ ያልተጻፈበት ነጭ ቅባት በፕላስቲክ አስጠቅልላ አንድ ሰዓት የምታስቀምጥ ነቃሽ የማታውቀውን መድኃኒት ትሰጣለች ማለት ነው።

ንቅሳቱ ባይወደድስ? በከተማ በሌዘር ብርሃን የሚያጠፉ ሐኪሞች አሉ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መመላለስን፥ ብዙ ገንዘብን ይጠይቃል፤ በጠይም ቆዳም ላይ የቆዳውን የራሱን ቀለም አጥፍቶ ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ነጭ ወይም ሥጋ መሰል ቀለም የተቀላቀለበት ንቅሳት ደግሞ በሌዘር ሲመታ ይጠቁራል እንጂ አይጠፋም። በአሲድ፥ በኖራ፥ በመሞረድ ለማጥፋት የሞከሩ ሰዎች ያተረፉት ጠባሳ ነው። ስለ ዓይን ቆብ ንቅሳትም ይህንኑ እላለሁ፤ መርፌው ከዓይን ብሌን የሚርቀው በጣት ውፍረት እንኳ አይደለምና፥ ኩል እያለ ለምን?

ልጆችን በሚመለከት ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ሕፃን ልጅን ይዞ፥ እያለቀሰች፥ ድዷን ወይም አንገቷን ማስነቀስ የእናት ፍቅር ሆኖ የታየበት ዘመን ነበረ፤ የጻፉልኝም እናት በዚያ መንገድ አልፈዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለብቻው በምዕራፍ አስቀምጦ፥ በልማድ ስም በሌላው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ይቀጣል። የሚነቀስ ሰው ዐዋቂና ፈቃደኛ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ይህ ሙያ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በለምጽ ምክንያት ከንፈሯ የነጣባት፥ በሕመም ቅንድቧ የረገፈ፥ በካንሰር ጡቷ የተቈረጠባት ሴት በሠለጠነ እጅ በሚገባ ቀለም መልኳን መልሳ የምታገኝበት ጊዜ አለ። ሙያው እንዲህ ያለ ክብር ያለው ስለ ሆነም ነው በቦርሳ ተይዞ እንዲዞር የማልወደው።

ከተሠራ በኋላ ስላለው ጊዜ። ቍስሉ እስኪድን ድረስ ቅቤ፥ አመድ፥ የቅጠል ጭማቂ አይቀባ፤ በንጹሕ እጅ ካልሆነ አይነካ፤ ቅርፊቱ በጥፍር አይላጥ፤ ከምድጃ ጢስና ከጠራራ ፀሐይ ይጠበቅ። የመጀመሪያው ቀን መቅላትና ጥቂት ማበጥ የተለመደ ነው። መቅላቱ ከሦስት ቀን በኋላ እየሰፋ ከሄደ፥ መግል ከያዘ፥ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ከተጨፈነ ግን ወደ ነቃሽቱ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ በመንዝ ላሉትም በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አለላቸው። ሠርጉ የተቈረጠበት ቀን ከሁለት ወር በታች የቀረው እንደ ሆነ ደግሞ ሥራውን ከሠርጉ በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ሙሽራ በቅርፊት ፊት አትታይምና።

አስቀድመው የተነቀሱትስ? በልጅነታቸው ለብዙዎች በዞረ አንድ መርፌ አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶች፥ ወይም ባለፈው ዓመት የማያውቁት ሰው ቅንድባቸውን የሠራላቸው ወጣቶች፥ ደማቸውን ለጉበት ብግነት «ቢ» እና «ሲ»፥ ለኤች አይ ቪም ያስመርምሩ። ምርመራው ከጣት ወይም ከክንድ በሚወሰድ ጥቂት ደም የሚፈጸም ነው። የጉበት ብግነት «ሲ» ዛሬ በጥቂት ወራት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ «ቢ»ም ባይድን እንኳ በመድኃኒት ሊገታ ይችላል። የዘመሮዋ እናት ልጃቸውን ለምርመራ ሲወስዱ እርሳቸውም አብረው ክንዳቸውን እንዲሰጡ እለምናቸዋለሁ።